የሰሜን አሜሪካ ፕሬሪ

ፕሬሪ በሰሜን አሜሪካ አህጉር መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ከካናዳ አልበርታ፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ ተነሥቶ በዩናይትድ ስቴትስ መካከለኛ ግዛቶች በኩል እስከ ቴክሳስ ይወርዳል። በምዕራብ የሮኪ ተራሮች ግርጌ ያዋስነዋል፤ በምሥራቅ ደግሞ በኢሊኖይና በኢንዲያና ከደን ጋር እየተቀላቀለ ያበቃል። ደረቁ ምዕራባዊ ክፍል «ታላላቅ ሜዳዎች» ተብሎም ይጠራል። «ፕሬሪ» የሚለው ቃል የፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ የሣር ሜዳ ማለት ነው። ስሙን የሰጡት ከካናዳና ከታላላቅ ሐይቆች በኩል የመጡ የፈረንሳይ አሳሾችና የአውሬ ቆዳ ነጋዴዎች ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚህ ምድር ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር የአሜሪካ ጎሽ ወይም ባይሰን ይሰማራ ነበር። ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ባይሰኑ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። የአገሬው ሕዝቦች በተከለለ ጠባብ መሬት ተወሰኑ፤ አብዛኛው ሣር ምድርም ታረሰ። ረጅም ሣር ይበቅልበት ከነበረው ምሥራቃዊ ክፍል ሳይታረስ የቀረው ከመቶ 4 እጅ በታች ነው። በዚህ ምክንያት ፕሬሪ በሰው እጅ እጅግ ከተለወጡት የዓለም ሥነ ምህዳሮች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አፈጣጠርና የአየር ንብረት

በዳይኖሰሮች ዘመን የመጨረሻ ክፍል የዛሬው ፕሬሪ ብዙው ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ ነበር። ባሕሩ ከሰሜን እስከ ደቡብ አህጉሩን ለሁለት ይከፍለው ነበር። በኋላ የሮኪ ተራሮች ከፍ ሲሉ ባሕሩ ሸሸ፤ ወንዞችም ከተራሮቹ የሸረሸሩትን ደለል በሜዳው ላይ አነጠፉት።

ሣር ዛፍን አሸንፎ ምድሩን የያዘው በዋነኛነት በተራሮቹ ምክንያት ነው። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር የሮኪ ተራሮችን ሲወጣ ዝናቡን እዚያው ስለሚጥል፣ ወደ ምሥራቅ የሚሻገረው አየር ደረቅ ነው። በተራሮቹ ግርጌ በዓመት የሚዘንበው በብዙ ቦታ ከ400 ሚሊሜትር በታች ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚመጣው እርጥበት ዝናቡ እየጨመረ በኢሊኖይ ወደ 1,000 ሚሊሜትር ይጠጋል። በምሥራቅ ያለው ዝናብ ለዛፍም የሚበቃ ነው፤ እዚያ ዛፍ እንዳይበዛ ያደረጉት በየጊዜው የሚመለስ ድርቅ፣ እሳትና የሣር በል እንስሳት ግጦሽ ናቸው።

ከሰሜን ወይም ከደቡብ የሚነፍሰውን ነፋስ የሚያግድ ተራራ ስለሌለ የአየሩ ጠባይ ቶሎ ይለዋወጣል። በሰሜን ክፍል የክረምቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሲየስ ሊደርስ ይችላል፤ በጋው ግን ሞቃት ነው። ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርና ከደቡብ የሚወጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ሲገናኙ ብርቱ ነጎድጓድ ይነሣል። ቶርኔዶ የተባለው አውሎ ነፋስም በዚህ አካባቢ በብዛት ይታያል።

በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሰሜኑን ሸፍኖ የነበረው ግግር በረዶ ከ10,000 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ሲያፈገፍግ፣ በዳኮታዎች፣ በሚኒሶታና በካናዳ ሜዳዎች ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ጉድጓዶችን ትቶ ሄደ። እነዚህ ጉድጓዶች በጸደይ ወራት በረዶው ሲቀልጥ ውኃ ስለሚሞሉ፣ ለአህጉሩ ዳክዬዎች ዋነኛው የመራቢያ ሥፍራ ሆነዋል።

የሣር ዓይነቶች

ፕሬሪ በዝናቡ መጠን በሦስት ይከፈላል።

ረጅም ሣር ያለው ፕሬሪ በምሥራቅ ይገኛል። ዋና ዋናዎቹ ሣሮች ቢግ ብሉስተም፣ ኢንዲያን ግራስና ስዊችግራስ ይባላሉ። ቢግ ብሉስተም በመልካም ዓመት ከ2 ሜትር በላይ ስለሚያድግ ሰው ውስጡ ሲገባ አይታይም።

አጭር ሣር ያለው ፕሬሪ በሮኪ ተራሮች ጥግ ያለው ደረቅ ክፍል ነው። ብሉ ግራማና ባፋሎ ግራስ የተባሉት ሣሮች ከመሬት ብዙ ከፍ ሳይሉ ይነጠፋሉ፤ ድርቅንና ግጦሽን ግን በሚገባ ይቋቋማሉ።

ድብልቅ ፕሬሪ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ዝናብ በበዛበት ዓመት ረጅሞቹ ሣሮች ወደ ምዕራብ ይገፋሉ፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ አጭሮቹ ወደ ምሥራቅ ይስፋፋሉ። ስለዚህ ድንበሩ ቋሚ አይደለም።

በሣሮቹ መካከል ብዙ ዓይነት አበቦችና የጥራጥሬ ወገን የሆኑ ተክሎች ይበቅላሉ። የጥራጥሬ ወገኖቹ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ አፈሩን ያዳብራሉ።

ሥር፣ አፈርና እሳት

የፕሬሪ ሣር ዋናው ክፍል የሚገኘው ከመሬት በታች ነው። የቢግ ብሉስተም ሥር እስከ 3 ሜትር ድረስ ሊወርድ ይችላል። በየዓመቱ ከሥሩ ከፊሉ እየሞተ በአፈሩ ውስጥ ይበሰብሳል፤ በምትኩም አዲስ ሥር ይበቅላል። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም ወፍራምና ለም የሆነ ጥቁር አፈር ተፈጠረ። የዛሬው የአሜሪካ የበቆሎና የአኩሪ አተር ምርት በአብዛኛው የሚበቅለው በዚህ አፈር ላይ ነው። አፈሩ ከፍተኛ መጠን ያለው ካርቦን ይይዛል፤ ሲታረስ ግን ካርቦኑ ከፊሉ ወደ አየር ይወጣል።

እሳት ለፕሬሪ ጠላት አይደለም። የሣሩ ማደጊያ እንቡጥ ከአፈሩ ሥር ወይም ከአፈሩ ጋር ተጠግቶ ስለሚገኝ፣ ላይኛው ክፍል ቢቃጠልም ሣሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። የዛፍ ችግኝ ግን ማደጊያው ከላይ ስለሆነ ይሞታል። እሳቱ በመብረቅ ይነሣል፤ ከዚያም በላይ የአገሬው ሕዝቦች ባይሰን የሚስብ ለምለም ሣር እንዲወጣ ሆን ብለው ያቃጥሉ ነበር። በካንሳስ የሚገኘው የኮንዛ ፕሬሪ የምርምር ጣቢያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መሬቱን ከፋፍሎ አንዱን በየዓመቱ፣ ሌላውን በየ2፣ በየ4 እና በየ20 ዓመቱ እያቃጠለ ሲያጠና ቆይቷል። ለረጅም ጊዜ ሳይቃጠሉ በቆዩት ክፍሎች ቁጥቋጦና ዛፍ ሣሩን እየተካው መሄዱ በግልጽ ታይቷል።

ታሪክ

የአገሬው ሕዝቦች

ሰው በፕሬሪ ላይ ከ10,000 ዓመታት በላይ ኖሯል። ፈረስ ከመምጣቱ በፊት ባይሰን የሚታደነው በእግር ነበር። አዳኞቹ መንጋውን ቀስ በቀስ እየነዱ ወደ ገደል አፋፍ ያደርሱትና በድንገት በማስደንገጥ ቁልቁል ያወርዱት ነበር።

ሁሉም አዳኞች አልነበሩም። ማንዳን፣ ሂዳትሳና ፖኒ የተባሉት ሕዝቦች በወንዞች ዳር ከአፈርና ከእንጨት በተሠሩ ክብ ቤቶች እየኖሩ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ ያመርቱ ነበር። በፕሬሪው ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በዛሬዋ ኢሊኖይ፣ ከ1050 እስከ 1200 ገደማ የገነነችው ካሆኪያ ከሜክሲኮ በስተ ሰሜን ከነበሩት ጥንታዊ ከተሞች ትልቋ ነበረች።

ፈረስ በመጀመሪያ የተፈጠረው በሰሜን አሜሪካ ቢሆንም ከበረዶ ዘመን መጨረሻ በኋላ ከአህጉሩ ጠፍቶ ነበር። የመለሱት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት እስፓኞች ናቸው። በ1680 በኒው ሜክሲኮ የፕዌብሎ ሕዝቦች በእስፓኞች ላይ ካመፁ በኋላ ፈረስ በሜዳው ላይ በፍጥነት ተስፋፋ። ኮማንቼ፣ ሻየን፣ ላኮታ፣ ብላክፉትና ሌሎችም ሕዝቦች በፈረስ እያደኑ ከመንጋው ጋር የሚዘዋወሩ ሆኑ። ከባይሰኑ ሥጋውን ለምግብ፣ ቆዳውን ለድንኳንና ለልብስ፣ ጅማቱን ለክር፣ አጥንቱን ለመሣሪያ፣ ደረቅ ኩበቱን ዛፍ በሌለበት ሜዳ ለማገዶ ይጠቀሙበት ነበር።

አሳሾችና የ«በረሃው» አፈ ታሪክ

በ1803 ዩናይትድ ስቴትስ የሉዊዚያናን ግዛት ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛች። ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን የላኳቸው ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊልያም ክላርክ ከ1804 እስከ 1806 በሚዙሪ ወንዝ በኩል እስከ ፓሲፊክ ደርሰው ተመለሱ። የፕሬሪን እንስሳትና ዕፅዋት በጽሑፍ መዝግበዋል።

በ1820 ሜዳውን ያቋረጠው የስቲፈን ሎንግ ቡድን ግን ምድሩ ለእርሻ እንደማይሆን ዘግቦ በካርታው ላይ «ታላቁ በረሃ» ብሎ ጻፈበት። በወቅቱ ብዙ ሰዎች ዛፍ የማያበቅል መሬት ለም ሊሆን አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ወደ ኦሪጎንና ወደ ካሊፎርኒያ የተጓዙት ሰፋሪዎች ፕሬሪውን የሚያልፉበት መንገድ እንጂ የሚኖሩበት አገር አድርገው አላዩትም።

የባይሰን እልቂት

በመላው አህጉር የነበረው ባይሰን ብዛት ከ30 እስከ 60 ሚሊዮን እንደሚሆን ይገመታል። በ1869 አህጉር አቋራጩ የባቡር ሐዲድ ተጠናቀቀ፤ ሐዲዱ ቆዳን ወደ ምሥራቅ ለማጓጓዝ አመቺ ሆነ። ከ1871 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካዎች የባይሰንን ቆዳ አልፍተው የማሽን ቀበቶ መሥሪያ የሚያደርጉበትን ዘዴ አገኙ። በሺዎች የሚቆጠሩ አዳኞች በረጅም ርቀት ጠመንጃ መንጋውን ፈጁት፤ ቆዳው ተገፎ ሥጋው በሜዳ ቀረ።

በርካታ የጦር አዛዦች ባይሰኑ ሲያልቅ የአገሬው ሕዝቦች ተርበው እጃቸውን እንደሚሰጡ በመቁጠር ፍጅቱን ደግፈዋል። በ1874 የአሜሪካ ምክር ቤት ባይሰንን የሚጠብቅ ሕግ ቢያጸድቅም ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ሳይፈርሙበት ቀሩ። በ1889 ዊልያም ሆርናዴይ የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ ባደረገው ቆጠራ በመላው ሰሜን አሜሪካ የተገኘው 1,091 ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰፋሪዎች በሜዳው የተበተነውን አጥንት እየለቀሙ ለማዳበሪያና ለስኳር ማጣሪያ ፋብሪካዎች ሸጡት።

ውሎችና ጦርነቶች

የአሜሪካ መንግሥት ከሜዳው ሕዝቦች ጋር በ1851 እና በ1868 በፎርት ላራሚ ውሎችን ተፈራርሟል። የ1868ቱ ውል ብላክ ሂልስ የተባሉትን ኮረብታዎች ለላኮታዎች አረጋገጠ። በ1874 በኮረብታዎቹ ወርቅ በመገኘቱ ግን ወርቅ ፈላጊዎች ገቡ፤ ጦርነትም ተነሣ። በሰኔ 1876 ላኮታዎች፣ ሻየኖችና አራፓሆዎች በሊትል ቢግሆርን ወንዝ የጆርጅ ከስተርን ጦር ደመሰሱ። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ኮረብታዎቹን ወሰደ። በታኅሣሥ 29 ቀን 1890 በደቡብ ዳኮታ በውንድድ ኒ የአሜሪካ ወታደሮች ከ250 በላይ ላኮታዎችን ገደሉ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብላክ ሂልስ ያለ አግባብ መወሰዱን ተቀብሎ ካሣ እንዲከፈል ፈረደ። ሕዝቡ ግን የምንፈልገው መሬቱን ነው በማለት ገንዘቡን አልተቀበለም።

በካናዳ መንግሥት ከ1871 ጀምሮ በቁጥር የሚጠሩ ውሎችን ከአገሬው ሕዝቦች ጋር ተዋዋለ። ባይሰን በመጥፋቱ ረኀብ የገባባቸው ብዙዎቹ አማራጭ አልነበራቸውም። ከአገሬውና ከአውሮፓውያን የተወለዱት ሜቲሶች በሉዊ ሪየል መሪነት በ1885 በሳስካችዋን ተነሥተው ተሸነፉ፤ ሪየልም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ተሰቀለ።

ማረሻና ሰፋሪ

የፕሬሪ ሣር ሥሩ የተጠላለፈ በመሆኑ ከእንጨትና ከተራ ብረት ለተሠራ ማረሻ አስቸጋሪ ነበር፤ ጥቁሩ አፈርም እየተጣበቀ ገበሬውን በየጥቂት እርምጃው ያስቆመው ነበር። በ1837 በኢሊኖይ ጆን ዲር የተባለ አንጥረኛ አፈር የማይጣበቅበት ከአረብ ብረት የተሠራ ማረሻ አወጣ።

በ1862 የወጣው የሰፋሪዎች ሕግ መሬቱን ለ5 ዓመት ለኖረበትና ላለማው ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ በነፃ ሰጠ። ካናዳም በ1872 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። እንጨት ስለሌለ ሰፋሪዎቹ ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ ቤት ሠሩበት። ጆሴፍ ግሊደን በ1874 የፈጠራ መብት ያገኘበት እሾሃማ ሽቦ ደግሞ ሜዳውን በርካሽ ለማጠር አስቻለ። ከሰፋሪዎቹ መካከል ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያንም ነበሩ፤ በ1877 በካንሳስ የመሠረቷት የኒቆዲሞስ መንደር ዛሬ በብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራነት ተጠብቃለች።

በ1878 ጆን ዌስሊ ፓውል ለመንግሥት ባቀረበው ዘገባ፣ ከ100ኛው የምዕራብ ኬንትሮስ ወዲያ ያለው መሬት ያለ መስኖ አስተማማኝ እርሻ እንደማይሆንና 160 ኤከር እዚያ ቤተሰብን እንደማያኖር አስጠነቀቀ። በዚያን ጊዜ ግን «ዝናብ ማረሻን ተከትሎ ይመጣል» የሚል እምነት ተስፋፍቶ ስለነበር ምክሩ ሰሚ አላገኘም።

የአቧራው ዘመን

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ በመናሩ ደረቁ የሜዳ ክፍል በትራክተር በስፋት ታረሰ። በ1930ዎቹ ብርቱ ድርቅ ሲመጣ አፈሩን የሚይዝ ሥር አልነበረም። ነፋሱ አፈሩን እያነሣ የአቧራ ማዕበል አደረገው። ክፉኛ የተጎዱት የኦክላሆማ፣ የቴክሳስ፣ የካንሳስ፣ የኮሎራዶና የኒው ሜክሲኮ አጎራባች ክፍሎች ናቸው። በግንቦት 1934 የተነሣው አቧራ እስከ ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ደረሰ። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 ደግሞ ቀኑን ስላጨለመው «ጥቁሩ እሑድ» ተብሏል።

ከዚህ ጥቂት ቀናት በኋላ ምክር ቤቱ የአፈር ጥበቃ አገልግሎትን በሕግ አቋቋመ፤ ኃላፊውም ሂዩ ሃሞንድ ቤኔት ነበር። ገበሬዎች ዳገትን ተከትለው በአግድም እንዲያርሱ ተማሩ፤ ከሰሜን ዳኮታ እስከ ቴክሳስ ነፋስ የሚሰብሩ ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ተተከሉ፤ የተጎዳ መሬትም በመንግሥት ተገዝቶ እንደገና ሣር ተዘራበት። ዛሬ ብሔራዊ የሣር ምድር ተብለው ከሚጠበቁት ሥፍራዎች ብዙዎቹ ያኔ የተገዙ ናቸው። በአሥር ዓመታት ውስጥ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሜዳውን ግዛቶች ለቆ ሄዷል።

የዱር እንስሳት

ባይሰን በሰሜን አሜሪካ በየብስ ከሚኖሩ አጥቢዎች ትልቁ ነው። ኮርማው 900 ኪሎግራም ሊመዝን ይችላል፤ ይሁንና በሰዓት 55 ኪሎሜትር ገደማ ይሮጣል። ሣርን መርጦ ስለሚበላ ለአበቦች ቦታ ይከፍታል። በአቧራ ላይ እየተንከባለለ የሚፈጥረው ጎድጓዳ ቦታ ዝናብ ሲያቁር ለእንቁራሪቶችና ለነፍሳት መኖሪያ ይሆናል። በላኮታ ቋንቋ ኮርማው «ታታንካ» ይባላል። በ2016 የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ አጥቢ እንስሳ ሆኖ በሕግ ተሰይሟል።

ፕሮንግሆርን ድኩላ የሚመስል እንስሳ ሲሆን በየብስ ሩጫ ከአቦሸማኔ ቀጥሎ ፈጣኑ እንደሆነ ይታመናል። ዛሬ በሜዳው ላይ እሱን በሩጫ የሚደርስበት አውሬ የለም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ፍጥነቱን ያገኘው በበረዶ ዘመን ከነበሩና ከጠፉ አቦሸማኔ መሰል አውሬዎች ለማምለጥ ነው ይላሉ።

የፕሬሪ ውሻ በስሙ ውሻ ቢባልም ከአይጥ ወገን የሆነ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ስሙን ያገኘው አደጋ ሲያይ ከሚያሰማው እንደ ጩኸት ካለ ድምፅ ነው። ሉዊስና ክላርክ በ1805 አንዱን በሕይወት ለፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ልከውላቸው ነበር። የሚኖረው «ከተማ» ተብለው በሚጠሩ ሰፋፊ የጉድጓድ መንደሮች ውስጥ ነው። ጉድጓዶቹን የሚቆፍሩ ጉጉቶች የተባሉት ወፎች፣ እባቦችና ሌሎች እንስሳትም ይጠለሉባቸዋል። ከብት አርቢዎች ሣር ይሻማብናል በማለት በመርዝ ስለፈጁት ከቀድሞ መኖሪያው አብዛኛውን አጥቷል።

ባለ ጥቁር እግሩ ፌሬት እንደ ሙጭልጭላ ቀጭን የሆነ ሥጋ በል ነው። ምግቡ ከሞላ ጎደል የፕሬሪ ውሻ ብቻ በመሆኑ የእሱ መጥፋት ፌሬቱንም አጠፋው። ጨርሶ እንደጠፋ ከታመነ በኋላ፣ በ1981 በዋዮሚንግ ሚቲትሲ በተባለች ከተማ አጠገብ አንድ የገበሬ ውሻ ገድሎ ወደ ቤት ባመጣው ፌሬት ምክንያት የቀሩት ተገኙ። በበሽታ እያለቁ ስለነበር በ1987 የመጨረሻዎቹ 18 ተይዘው በእንክብካቤ እንዲራቡ ተደረገ። ዛሬ ያሉት በሙሉ የእነዚያ ጥቂቶች ዘር ናቸው። በ2020 ደግሞ በ1980ዎቹ ከሞተች ፌሬት ተቀምጦ ከቆየ ሕዋስ ኤልሳቤጥ አን የተባለች ፌሬት በክሎኒንግ ተወለደች።

ተኩላና ግሪዝሊ ድብ ቀድሞ በሜዳው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ ከአብዛኛው ክፍል ጠፍተዋል። ቀበሮ መሰሉ ኮዮቴ ግን ከሰው ጋር ተላምዶ በዝቷል።

ከወፎች መካከል የፕሬሪ ዶሮ ወንዱ በጸደይ ወራት በአንገቱ ያለውን ብርቱካንማ ከረጢት እየነፋና እግሩን እየመታ ሴቷን ለመማረክ በሚያሳየው ጭፈራ ይታወቃል። በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሳንድሂል ክሬን የተባሉ ረጅም እግር ወፎች ወደ ሰሜን ሲጓዙ በነብራስካ በፕላት ወንዝ ላይ ያርፋሉ። የእነሱ ዘመድ የሆነው ነጩ ሁፒንግ ክሬን በ1941 በዱር የቀረው 21 ብቻ ነበር፤ በጥበቃ ቁጥሩ አገግሟል። በአጠቃላይ ግን የሣር ምድር ወፎች ብዛት ከ1970 ወዲህ ከግማሽ በላይ መቀነሱን በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

የሮኪ ተራሮች አንበጣ በ1870ዎቹ ሰማዩን እየሸፈነ የሰፋሪዎችን ሰብል ያወድም ነበር። ከሠላሳ ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ውስጥ ግን ከምድር ጠፋ፤ በሕይወት የተያዘው የመጨረሻው የተገኘው በ1902 ነው። እንቁላሉን የሚጥልባቸው የተራራ ሸለቆዎች በመታረሳቸው ሳይጠፋ እንዳልቀረ ይታመናል።

ታዋቂ ሥፍራዎች

ፍሊንት ሂልስ በካንሳስና በኦክላሆማ የሚገኙ ኮረብታዎች ናቸው። ባልጩት ድንጋይ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ በመሆኑ ማረሻ አልደፈራቸውም፤ ስለዚህ ከቀረው ረጅም ሣር ትልቁ ክፍል የሚገኘው እዚህ ነው። በ1996 በካንሳስ 4,400 ሄክታር ገደማ የሆነ ብሔራዊ የረጅም ሣር ጥብቅ ሥፍራ ተቋቁሟል።

ሄድ ስማሽድ ኢን በአልበርታ የሚገኝ ለ6,000 ዓመታት ያህል ባይሰን ሲነዳበት የኖረ ገደል ነው። በብላክፉት አፈ ታሪክ መሠረት ስሙ የመጣው፣ ከገደሉ ሥር ቆሞ አደኑን ሊያይ ሲል ከላይ በወደቁት እንስሳት ጭንቅላቱ ከተደቆሰ ወጣት ነው። በ1981 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ካሆኪያ ሰው ሠራሽ የአፈር ጉብታዎች ያሏት ጥንታዊ ከተማ ናት። ትልቁ ጉብታ 30 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በ1982 የዓለም ቅርስ ሆናለች።

ባድላንድስ በደቡብ ዳኮታ ውኃና ነፋስ የሸረሸሩት ባለ ብዙ ቀለም ገደላ ገደል ነው። የጥንት ፈረሶችና አውራሪሶች ቅሪተ አካል ይገኝበታል። በ1978 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል።

ቺምኒ ሮክ በነብራስካ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ የቆመ ዐለት ነው። ወደ ምዕራብ ለሚጓዙ ሰፋሪዎች የመንገድ ምልክት ነበር።

ዴቪልስ ታወር በዋዮሚንግ ከግርጌው 265 ሜትር ገደማ የሚነሣ ዐለት ሲሆን በ1906 የአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ሐውልት ሆኖ ታወጀ። በላኮታ ስሙ የድብ ቤት ማለት ነው፤ ለብዙ የአገሬው ሕዝቦችም ቅዱስ ሥፍራ ነው።

ሳንድሂልስ በነብራስካ 50,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ በሣር የተያዘ የአሸዋ ክምር ነው። ለእርሻ ስለማይመች አብዛኛው ሳይታረስ ቀርቷል።

ግራስላንድስ ብሔራዊ ፓርክ በሳስካችዋን ይገኛል። በ2005 ባይሰን ተመልሶበታል።

ፕሬሪ ዛሬ

ዛሬ ፕሬሪ ከዓለም ዋና ዋና የስንዴ፣ የበቆሎና የከብት አምራች አካባቢዎች አንዱ ነው። በካናዳ ካልጋሪ፣ ኤድመንተንና ዊኒፔግ፣ በአሜሪካ ደግሞ ዴንቨር በዚህ ምድር ላይ ወይም በጠርዙ የተመሠረቱ ትልልቅ ከተሞች ናቸው፤ በካልጋሪ፣ በኤድመንተንና በዴንቨር በርካታ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ይኖራሉ። በደረቁ ክፍል ያለው እርሻ በአብዛኛው የተመሠረተው ከ8 ግዛቶች ሥር በተዘረጋው የኦጋላላ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ ነው። ውኃው በብዙ ቦታ ዝናብ ከሚተካው በላይ በፍጥነት ስለሚሳብ እየቀነሰ ይገኛል።

ባይሰንን የማዳኑ ሥራ የተጀመረው ጥቂቶችን ባተረፉ አርቢዎችና የአገሬው ሰዎች ነው። በ1907 ከኒው ዮርክ የእንስሳት ማቆያ 15 ባይሰኖች በባቡር ተጭነው በኦክላሆማ ወደሚገኘው የዊቺታ ተራሮች ጥብቅ ሥፍራ ተላኩ። በዚያው ዓመት ካናዳ በሞንታና ከነበረው ከሚሼል ፓብሎ መንጋ መግዛት ጀመረች። ዛሬ በአህጉሩ ያለው ባይሰን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቢሆንም አብዛኛው ለሥጋ የሚረባ ነው። በ2014 ከሁለቱም አገሮች የተውጣጡ የአገሬው ሕዝቦች ባይሰንን ወደ መሬታቸው ለመመለስ የጋራ ውል ተፈራርመዋል።

የታረሰን መሬት ወደ ፕሬሪ መመለስ የተጀመረው በ1930ዎቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ማዕከል ነው። እዚያ ያለው ከርቲስ ፕሬሪ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ማገገሚያ እንደሆነ ይነገርለታል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዘር ብዙ ጊዜ የሚለቀመው ከአሮጌ መቃብር ቦታዎችና ከባቡር ሐዲድ ዳር ነው፤ ምክንያቱም በኢሊኖይና በአዮዋ ማረሻ ያልነካቸው ቦታዎች እነዚህ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። በቺካጎ አቅራቢያ የሚገኘው ፌርሚላብ የተባለው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ከ1975 ጀምሮ በቅንጣት ማፋጠኛው ቀለበት ውስጥ የፕሬሪ ሣር ዘርቷል፤ በግቢውም የባይሰን መንጋ አለ። በዚያው ግዛት በቀድሞ የጥይት ፋብሪካ ቦታ ላይ በ1996 የተቋቋመው ሚድዊን የተባለው ብሔራዊ የረጅም ሣር ፕሬሪም በ2015 ባይሰን አስገብቷል።

ሣሩን መልሶ መዝራት በጥቂት ዓመታት ውጤት ያሳያል። ከሣሩ ጋር የነበሩትን አበቦችና ነፍሳት በሙሉ መመለስ ግን ከባድ ሲሆን፣ በእርሻ የጠፋው የአፈር ካርቦን እስኪተካ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የጥበቃ ድርጅቶች የታረሰውን ከመመለስ ጎን ለጎን፣ እስካሁን ሳይታረስ የቀረው መሬት እንዳይነካ ለማድረግ ቅድሚያ ይሰጣሉ።